«አከራየሁ» ነው ወይስ «ተከራየሁ»? ባሕር ዳር ላይ ስለ ቤት ስናወራ የሚያሳስተን እንግሊዝኛ

«አይ ሬንት ኤ ሃውስ ኢን ሽምብጥ» ያለ ሰው ቤት አለው ወይስ የለውም? እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሰማው «ተከራይቶ ነው የሚኖረው» ብሎ ያልፋል። ተናጋሪው ግን ባለቤቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ «አከራያለሁ» ሊል ፈልጎ ነው። አማርኛ ይህን ጣጣ በአንዲት ፊደል ይጨርሰዋል። በ«ተ» ከጀመረ ወሳጁ ነው፣ በ«አ» ከጀመረ ሰጪው ነው፦ ተከራየ፣ አከራየ፤ ተበደረ፣ አበደረ፤ ተዋሰ፣ አዋሰ። የእንግሊዝኛው «ሬንት» ግን ሁለቱንም ወገን ስለሚያገለግል አቅጣጫውን በሌላ ቃል ማሳየት የተናጋሪው ሥራ ነው። አከራይ ከሆናችሁ «አይ ሬንት አውት ኤ ሃውስ» በሉ። ያቺ «አውት» የኛን «አ» ትተካለች። ተከራይ ከሆናችሁ «አይ ሬንት ፍሮም» ብላችሁ የባለቤቱን ስም ጨምሩ። እንግሊዞች በር ላይ የሚለጥፉት «ቱ ሌት» እና አሜሪካኖች የሚለጥፉት «ፎር ሬንት» ሁለቱም «የሚከራይ» ማለት ናቸው።

መዋስና ማዋስ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛው እንደኛ ሁለት ቃል አለው፤ እኛ ነን የምናደባልቀው። መሰላል ፈልጋችሁ ጎረቤት ዘንድ ስትሄዱ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዘ ላደር?» አይባልም። ወይ «ካን አይ ቦሮው ዘ ላደር?» ነው፣ ወይ «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዘ ላደር?»። «ቦሮው» የሚያደርገው ወሳጁ ነው፣ «ሌንድ» የሚያደርገው ሰጪው።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለደላሎች፣ ለአከራዮች፣ እንዲሁም ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር አንድ ግቢ ለሚጋሩ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢዎች የሚያስተምሩ እንግዶች፣ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ጣናን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቤት የሚፈልጉት በእኛው ደላላ በኩል ነው። በእኔ ግምት ከእነሱ ጋር የሚያቀያይመን የሰዋስው ስሕተት አይደለም። ጊዜውን ብናዛባም ሰው ይገባዋል። የሚያቀያይመን እንግሊዝኛ ናቸው ብለን የምንተማመንባቸው፣ አማርኛ ውስጥ ኖረው ትርጉማቸውን የለወጡ ቃላት ናቸው።

ስለ ቤቱ ሲጠየቅ

በመጀመሪያው ስልክ ይጀመር። ብዙ ጊዜ ንግግሩ እንዲህ ይሄዳል፦

«ሃሎ፣ አይ አም ኮሊንግ አባውት ዘ ቱ-ቤድሩም ሃውስ። ኢዝ ኢት ስቲል አቬይለብል?»

«የስ፣ ኢት ኢዝ። ዉድ ዩ ላይክ ቱ ካም ኤንድ ሲ ኢት?»

«ሃው ማች ኢዝ ዘ ሬንት፣ ኤንድ ዋት ዳዝ ኢት ኢንክሉድ?»

«ዎተር ኢዝ ኢንክሉድድ። ኤሌክትሪሲቲ ኢዝ ሰፐሬት።»

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ያዙ። «ቤቱ አለ?» ለማለት «ኢዝ ዘር ሃውስ?» አይባልም። ገና ያልተያዘ መሆኑን የሚጠይቀው «ስቲል አቬይለብል» ነው፤ ከተያዘ መልሱ «ሶሪ፣ ኢትስ ቴክን» ይሆናል። ሁለተኛው ዋጋ ነው። «ሃው ማች ኢዝ ዘ ሃውስ?» ካላችሁ የጠየቃችሁት የመሸጫ ዋጋውን ነው። ኪራዩን ለመጠየቅ «ዘ ሬንት» የሚለው ቃል የግድ መኖር አለበት።

ክፍል ስንቆጥር ደግሞ አቆጣጠራችን ይለያያል። እኛ «ሦስት ክፍል» ስንል ሳሎኑንም ጨምረን ነው። እነሱ የሚቆጥሩት መኝታውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳሎንና ሁለት መኝታ ያለው ቤት «ቱ-ቤድሩም» ይባላል፤ «ስሪ-ቤድሩም» ብላችሁ ከጠራችሁት እንግዳው መጥቶ ሦስተኛውን መኝታ ይፈልጋል። «ስቱዲዮ» ማለት መኝታውም መቀመጫውም አንድ ክፍል ሆኖ የራሱ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው ነው። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ የጋራ ከሆነ «ስቱዲዮ» አትበሉት፤ «ኤ ሩም ዊዝ ኤ ሼርድ ባዝሩም» ነው። ይህን በስልክ ቀድሞ መናገር የሰውየውንም የደላላውንም የባጃጅ ሒሳብ ያድናል።

«ሳሎን» ብላችሁ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስትናገሩ ወደ ጆሮው የሚመጣው የፀጉር ቤት ነው። የኛ ሳሎን «ሊቪንግ ሩም» ነው። «ሰርቪስ» የምንላቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉት ክፍሎች በእንግሊዝኛ ያ ስም የላቸውም። «ዘ ሃውስ ሃዝ ሰርቪስ» ሲባል ሰሚው ጽዳት ወይም አስተናጋጅ ያለው ይመስለዋል። «ስሞል ሩምስ አት ዘ ባክ ኦቭ ዘ ኮምፓውንድ» በሉ። «ኮምፓውንድ» ራሱ አፍሪካ ውስጥ ለኖረ ሰው ግልጽ ነው፤ ለአዲስ መጤ ግን «ኤ ያርድ ዊዝ ኤ ዎል ኤንድ ኤ ጌት» ብትሉት አጥሩንም በሩንም ወዲያው ይስላል።

«ጂ ፕላስ ዋን» የኛና የመሐንዲሶች ቋንቋ ነው። ለተራ ሰው «ኤ ቱ-ስቶሪ ሃውስ» ይበቃል። ፎቅ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኛ እንደ እንግሊዞቹ ምድር ቤቱን «ግራውንድ»፣ ከሱ በላይ ያለውን «አንደኛ ፎቅ» እንላለን። ለአሜሪካዊ ግን «ፈርስት ፍሎር» ምድር ላይ ያለው ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃ የለም ብሎ መጥቶ ደረጃ ያገኛል። ሁለቱንም የማያሳስተው አነጋገር «አፕስቴርስ» ወይም «ዋን ፍላይት አፕ» ነው፤ አንድ ደረጃ ወጥቶ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ኮንዶ» ሲባል አሳንሰር ያለው ዘመናዊ ሕንፃ ሊታሰብ ይችላል፤ ስለዚህ «ፎርዝ ፍሎር፣ ኖ ሊፍት» የሚለውን ቀድሞ መናገር ነው። ለአሜሪካዊ «ኤሌቬተር» ነው፣ «ሊፍት» የእንግሊዞቹ ቃል ነው።

የጭቃ ቤት ሲያጋጥም «ማድ ሃውስ» ማለት ቤቱን ያሳንሰዋል፤ ሰሚው በዝናብ የሚፈርስ ነገር ያስባል። በእንጨት ቆሞ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ከሆነ «ዉድ-ኤንድ-ማድ ዎልስ፣ ፕላስተርድ ኤንድ ፔይንትድ» በሉት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ሊሾ «ስሙዝ ሲሜንት ፍሎር» ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ «ሜታል ሩፍ» ይባላል። ኮርኒስ ከሌለው «ኢት ኢዝ ላውድ ዌን ኢት ሬይንስ» ማለትም አይቅር፤ በሐምሌ ዝናብ ከቆርቆሮ ሥር ስልክ ማነጋገር እንደማይቻል እንግዳው አያውቅም።

«ኮርኒስ»ን ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው እሱ ነው። እኛ ከጣሪያው በታች የተወጠረውን ሁሉ ኮርኒስ እንላለን። በእንግሊዝኛ «ኮርኒስ» ግድግዳውና ላዩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ለጌጥ የሚሠራ ቅርጽ ብቻ ነው። የኛ ኮርኒስ «ሲሊንግ» ነው፤ «ሩፍ» ደግሞ ውጪ ያለው ቆርቆሮ ወይም ስላብ። ክረምት ላይ ቤት ሲታይ ተከራዩ የሚጠይቀው «ሃዝ ዘ ሲሊንግ ኤቨር ሊክድ?» ብሎ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ምልክት ካለ ደግሞ «ዋት ኢዝ ዛት ስቴይን?» ይላል። መልሱ «ዘ ሩፍ ሊክድ ላስት ዪር፣ ኤንድ ዊ ፊክስድ ኢት» ከሆነ ነገሩ ያልቃል። የተደበቀ ፍሳሽ ግን በሚቀጥለው ነሐሴ ራሱን ያጋልጣል።

የት እንደሆነ

ለእንግዳ የቀበሌ ቁጥር አይጠቅመውም። ቀበሌ 14 ከቀበሌ 13 ምን ያህል እንደሚርቅ በምን ያውቃል? የሚጠቅመው መለያ ቦታና ደቂቃ ነው። «ቴን ሚኒትስ ባይ ባጃጅ ፍሮም ፔዳ» ሲባል ገባው። «ዓባይ ማዶ»ን «አክሮስ ዘ ሪቨር» በሉት፤ «ማዶ» በአንድ ቃል አይተረጎምም። ማዶ መኖር ለማን እንደሚስማማም ንገሩት። ዘንዘልማ ግቢ የሚያስተምር ሰው ማዶ ቢከራይ ድልድይ መሻገር አይጠበቅበትም። ፔዳ ወይም ፖሊ የሚውል ከሆነ ግን ጠዋትና ማታ ወንዙን ይሻገራል፤ በግንቦት 2016 በተከፈተው ትልቁ የዓባይ ድልድይም ቢሆን መንገዱ መንገድ ነው።

ሐይቁን በተመለከተ ሦስት አነጋገር አለ፣ ዋጋቸውም ይለያያል። «ኦን ዘ ሌክ» ግቢው ከውሃው ዳር ሲነካ ነው። «ኒር ዘ ሌክ» በእግር የሚደረስ። «ሌክ ቪው» ከመስኮት የሚታይ። ከውሃው ሦስት መንገድ ርቆ «ኦን ዘ ሌክ» ማለት እንግዳው ደርሶ ሲያየው እንደ ውሸት ይቆጠራል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ብትሆንም ወባ አለ። ስለዚህ ከሐይቁ ጋር የወባ ትንኝ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። እዚህ ላይ «ሞስኪቶ ኔት» አልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር ነው፤ መስኮት ላይ የሚመታው ሽቦ «ዊንዶው ስክሪን» ይባላል። «ዘ ሃውስ ሃዝ ሞስኪቶ ኔት» ካላችሁና መስኮቱ ባዶ ከሆነ የተናገራችሁት ስለ አልጋ ነው።

የቀጠሮ ሰዓት ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ አትናገሩ። «ካም አት ስሪ» ያላችሁት ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስትጠብቁት ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣል። 6 ሰዓት ደምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» በሉ። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የሚለው ጭማሪ ስሕተቱ ወዲያው እንዲታወቅ ያደርጋል።

ብርና ወረቀት

«ቅድሚያ» እና «መያዣ» አማርኛ ላይም ስለሚደበላለቁ መጀመሪያ ራሳችን እንለያቸው። የሁለት ወር ኪራይ ተቀብላችሁ ለሁለት ወር ካኖራችሁት ያ «አድቫንስ ሬንት» ነው። ለብልሽት ዋስትና ተይዞ ሲወጣ የሚመለሰው «ሰኩሪቲ ዲፖዚት» ነው። «ዲፖዚት» ያላችሁትን ገንዘብ ተከራዩ ሲወጣ ይጠይቃል፣ ቃሉ ይህንን መብት ይሰጠዋልና። ስለዚህ ሁልጊዜ ተከታዩን ጥያቄ ጠብቁ፦ «ኢዝ ኢት ሪፈንደብል?» ይመለሳል ወይ ማለት ነው። ቤቱን ለማስያዝ የሚሰጠው ቀብድ ሦስተኛ ነገር ነው፤ «ሆልዲንግ ዲፖዚት» ይባላል፣ ከመጀመሪያው ኪራይ የሚቀነስ መሆኑን አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በክልል ደረጃ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ ከመፈራረም በፊት ክፍለ ከተማ ጠይቆ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ለእንግዳው ይህን ስታስረዱ ውሉን «ሊዝ» ሊለው ይችላል፤ አትደንግጡ። ለኛ «ሊዝ» ከመንግሥት የሚወሰድ መሬት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ተራው የቤት ኪራይ ውል «ሊዝ» ይባላል፣ «ቱ-ዪር ሊዝ» ማለትም የሁለት ዓመት ውል ብቻ ነው።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። መስከረም 1 በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። «ዘ ሬንት ኢዝ ዱ ኦን ዘ ፈርስት» ስትሉት እሱ የሚያስበው የራሱን ወር መባቻ ነው፣ ከኛው መባቻ አንድ ሳምንት ይሁን ዐሥር ቀን ይለያያል። የጳጉሜ ቀናት እንደማይከፈልባቸው ወይም እንደሚከፈልባቸው በግልጽ ይቀመጥ። ስሙም እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። የኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው፣ የእነሱ መጨረሻ ግን የቤተሰብ ስም ነው፤ «ሚስተር» የሚቀጠለውም ከዚያው ከመጨረሻው ጋር ነው።

ዋጋ ለማስቀነስ «ዋት ኢዝ ዩር ላስት ፕራይስ?» የገበያ አነጋገር ነው፤ ለወራት አብሮ ለሚኖር ሰው ይከብዳል። «ኩድ ዩ ካም ዳውን ኤ ሊትል?» ትንሽ ይቀንሱልኝ ማለት ነው፣ ክብርም አለው። አማርኛ አክብሮቱን «እርስዎ» ውስጥና ግሱ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱን ያሸጋገረው ወደ «ኩድ» እና «ዉድ» ነው። «ጊቭ ሚ ዘ ኪ» ከኛ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ይመስላል፤ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ ዘ ኪ?» በኛ «ቁልፉን ቢሰጡኝ» ነው። ደላላውን በተመለከተ ደግሞ «ሁ ፔይስ ዘ ኮሚሽን?» የሚለው ጥያቄ ቤቱ ከመታየቱ በፊት ይነሳ እንጂ ከታየ በኋላ አይነሳ።

«አዎ፣ የለም»

ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ተከራዩ በአሉታ ሲጠይቅ፣ «ዘር ኢዝ ኖ ዎተር ቱዴይ?» ሲል፣ አማርኛ አሳቢ «አዎ» ይላል። «አዎ፣ ያልከው ልክ ነው፣ የለም» ማለቱ ነው። ይህን «የስ» ብሎ ሲያወጣው ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግራ ይጋባል ወይም ውሃ አለ ብሎ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ መልሱ የሚከተለው ጥያቄውን ሳይሆን ነገሩን ነው። ውሃ ካለ «የስ፣ ዘር ኢዝ»፣ ከሌለ «ኖ፣ ዘር ኢዝንት»። ጥያቄው እንዴትም ተጠማዝዞ ቢመጣ ሮቶውን ብቻ እያሰባችሁ መልሱ። «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ ብላችሁም አትቁሙ፤ ጭራዋን ጨምሩ።

የዚህ እኅት «ዉድ ዩ ማይንድ» ናት። «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ፔይንት ዘ ዎል?» ማለት «ግድግዳውን ቀለም ብቀባ ቅር ይልዎታል?» ነው። በአማርኛ «አይ፣ ቅር አይለኝም» እንደምንለው ለመፍቀድ «ኖ» ነው የሚባለው፦ «ኖ፣ ጎ አሄድ»። ፈቅዳችሁ «የስ» ካላችሁ ከልክላችኋል።

ውሃ፣ መብራት፣ ጉድጓድ

ብልሽት ሲነገር ሦስት ነገር ይሟላ፦ ምን፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ። «ዘ ታፕ ኢን ዘ ኪችን ሃዝ ቢን ድሪፒንግ ሲንስ መንደይ» ሲባል ቧንቧ ሠሪው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። አማርኛ «ቧንቧ» ሁለት ነገር ነው፤ መክፈቻው «ታፕ» ነው፣ አሜሪካኖች «ፎሴት» ይሉታል፤ በግድግዳ የሚሄደው «ፓይፕ» ነው። «ድሪፕ» ጠብ ጠብ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመክፈቻው ጎማ ሲያልቅ የሚመጣና በጥቂት ብር የሚያልቅ። «ሊክ» ከመገጣጠሚያ መፍሰስ ነው። «በርስት» መፈንዳት፤ ይህን ቃል ስትሰሙ መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። «ዘ ፓይፕ በርስት» ማለት ሲገባው «ዘ ዎተር ኢዝ ሊኪንግ» ያለ ተከራይ ሰው እስኪደርስለት ቤቱ ይጥለቀለቃል። ሌላው የተለመደ ስሕተት «ስፖይልድ» ነው። «ተበላሽቷል» የምንለው ሁሉ በእንግሊዝኛ «ስፖይልድ» አይሆንም፤ እሱ ለምግብ ነው። ማሽን «ኢትስ ናት ዎርኪንግ» ይባላል።

«ታንከር» በእንግሊዝኛ ውሃ ወይም ነዳጅ የሚጭን መኪና ወይም መርከብ ነው። ቤት ላይ ያለው «ዎተር ታንክ» ነው፤ «ሮቶ» የምርት ስም ስለሆነ እንግዳው አያውቀውም። የሮቶውን መጠን ከቀን ጋር አያይዛችሁ ንገሩት። 2,000 ሊትር ለአራት ሰው፣ በሰው በቀን 100 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ቀን ያቆያል፦ «ዘ ታንክ ላስትስ አባውት ፋይቭ ዴይስ»። «ዘ ሻወር ኢዝ ዊክ» ብሎ ቢያማርር ምክንያቱ ከፍታ ነው። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ግፊት ያገኛል። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚያገኘው 0.2 ባር ነው፤ ወዲያው የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ ብዙ ጊዜ በዚህ ግፊት አይነሳም። የሚባለው «ዘ ዎተር ፕሬሸር ኢዝ ቱ ሎው ፎር ዘ ሂተር» ነው። መፍትሔውም ወይ ሮቶውን በከፍተኛ ማማ ላይ ማውጣት፣ ወይ ትንሽ ፓምፕ መግጠም ነው። ማሞቂያውን እየቀያየሩ ብር ማባከን አይጠቅምም።

«መብራት ሄደ»ን «ዘ ላይት ዌንት» አትበሉት፤ «ዘ ፓወር ኢዝ አውት» ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ ይጠቅማል፦ «ኢዝ ኢት ጀስት አስ፣ ኦር ዘ ሆል ኔበርሁድ?» የሰፈር ከሆነ መጠበቅ ነው፤ የኛ ቤት ብቻ ከሆነ ወይ «ዘ ብሬከር ትሪፕድ»፣ ወይ በካርድ ቆጣሪ «ዘ ሚተር ራን አውት ኦቭ ክሬዲት»። «ቆጣሪ»ን «ካውንተር» ማለት የተለመደ ነው፣ ግን «ካውንተር» የሱቅ ባንኮኒ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት ያለ መለወጫ ሲሰካ ይቃጠላል፤ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። የእንጀራ ምጣድም ለሚጠቀም ተከራይ «ካን ዘ ዋየሪንግ ሃንድል ኤን ኤሌክትሪክ ምጣድ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በቀጭን ሽቦና ከሌሎች ሶኬቶች ጋር በተጋራ መስመር ምጣድ ሲሰካ ሽቦው ይግላል።

«ሴፍቲ ታንከር» ደግሞ በከተማው ሁሉ የምንለው ነው። «ሴፍቲ» ደኅንነት ማለት ነው፤ የጉድጓዱ ስም «ሴፕቲክ ታንክ» ነው። ይህ ቃል ባሕር ዳር ላይ ክብደት አለው። ከሐይቁ አቅራቢያ ባለው ዝቅተኛ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ መሬቱ ውሃ አይጠጣም፤ ጉድጓዱም ከበጋው ቶሎ ይሞላል። ምልክቱ «ዘ ቶይሌት ዎንት ፍላሽ ፕሮፐርሊ» ነው፣ ቀጥሎ ሽታ። መጸዳጃው ብቻ ከሆነ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ «ኢትስ ብሎክድ»። የመታጠቢያውም ውሃ አብሮ አልወርድ ካለ ግን ጉድጓዱ ሞልቷል፣ «ዘ ሴፕቲክ ታንክ ኢዝ ፉል»። መጣጭ መኪና ለማስጠራት ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ፦ «ሁ ፔይስ ቱ ኤምፕቲ ኢት?»

ጎረቤት

በር ላይ ቆመን «ቤቶች!» የምንለውን እንግሊዝኛው «ኤኒባዲ ሆም?» ይለዋል። «ሆም» ላይ እግረ መንገዴን፦ «አይ አም ጎይንግ ሆም» ይባላል፣ «ቱ ሆም» አይባልም። አዲስ ቤት ለገባ ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ብለን «እምቦሳ እሰሩ» የምንባባለው በእንግሊዝኛ እኩያ የለውም፤ «ኮንግራቹሌሽንስ ኦን ዩር ኒው ፕሌስ» ይባላል፣ ድግሱም «ሃውስዎርሚንግ» ነው። የኛውን በአማርኛ አስተምሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ቡና ለመጥራት «ካም ኦቨር ፎር ኮፊ» በሉ። ግን ለእነሱ ይህ የአንድ ሲኒ ነገር ነው፤ አንዱን ጠጥተው ሲነሱ እንዳትቀየሙ «ዊ ሃቭ ስሪ ራውንድስ፣ ኢት ቴክስ አባውት ኤን አወር» ብላችሁ ቀድሙ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መባሉን ሲቀመጡ ትነግሯቸዋላችሁ። «ኢዝ ኢት ኳየት አት ናይት?» ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቅርብ ከሆነ ሳይደብቁ መናገር ይሻላል፦ «ዩ ዊል ሂር ፕሬየርስ ኧርሊ ኢን ዘ ሞርኒንግ»። የሚወደው አለ፣ የማይችለው አለ፤ የማይችለው ከመፈረሙ በፊት ይወቅ።

ሲለቅ የሚሰጠውን «ማስጠንቀቂያ» በ«ዋርኒንግ» አትተርጉሙት፤ ዛቻ ይመስላል። «ኖቲስ» ነው። ተከራዩ «አይድ ላይክ ቱ ጊቭ ኖቲስ» ካለ እንደ ውሉ ጊዜ ጠብቄ እለቃለሁ ማለቱ ነው። ርክክቡ ላይ ሁለታችሁም አብራችሁ ዙሩ። በኑሮ የደበዘዘ ቀለም «ኖርማል ዌር ኤንድ ቴር» ነው፣ ከመያዣው አይቆረጥም፤ የተሰበረ መስታወት «ዳሜጅ» ነው፣ ይቆረጣል። ሲገባ የተነሣውን ፎቶ ከፊት ለፊት ያዙ፣ የውሃውንና የመብራቱን ቆጣሪ ንባብ በዕለቱ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በመጨረሻም «ሃው ሜኒ ሴትስ ኦቭ ኪስ ዲድ አይ ጊቭ ዩ?» ብላችሁ የግቢውን፣ የዋናውን በርና የመኝታውን ቁልፍ እየቆጠራችሁ ተረከቡ።